ልጆች የለኩትን ኤክሴል ላይ ሲመዘግቡ፦ ስህተት በየት ይገባል፣ እንዴትስ ይፈተሻል?

ጥያቄው፦ የ6ኛ ክፍል መምህር ነኝ። 48 ተማሪዎችና 8 ኮምፒውተሮች አሉኝ። ልጆቹ ባቄላ ዘርተው ቁመቱን እየለኩ ኤክሴል ላይ መዝግበው ነበር። አማካዩን ሲያሰሉ አንዳንድ ቀን ከለኩት ተክል ሁሉ ያነሰ ቁጥር ወጣ፤ ቀኖቹ ተዘበራረቁ፤ «ፈትሹ» ስላቸው ደግሞ ስክሪኑን አየት አድርገው «ትክክል ነው» ይላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ መምህር፣ ችግሮቹ ሦስት ይምሰሉ እንጂ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። ልጆቹ የሚያመሳክሩበት ነገር የላቸውም። ቁጥሩን በቃላቸው ይዘው መጥተው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ከጻፉት፣ በኋላ «ፈትሹ» ሲባሉ ስክሪኑን የሚያስተያዩት ከራሱ ከስክሪኑ ጋር ነው፤ ሁልጊዜም ይስማማል። ስለዚህ ልኬቱ መጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ ተክሉ አጠገብ ቆመው፣ በእስክሪብቶ ይጻፍ። እርሳስና ላጲስ አይያዙ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ከመስመሩ በታች ያለው እንደተነበበ ይቆያል፤ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል፤ የሰረዘው ልጅ ኮዱን (በስሙ ፈንታ የሚጠቀምበትን ምልክት) ያኖራል። ኤክሴል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ቢጠፋም ፍላሽ ቢበላሽም ወረቀቱ ይተርፋል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃው በሙሉ፣ ያለ ኮምፒውተር ይሁን። አንድ የባቄላ ተክል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና አስር ልጆች በየተራ ይለኩት። ማንም ለማንም ሳይናገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይስጥዎት። ሰሌዳ ላይ ሲደረድሩት፣ ለምሳሌ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦ 86፣ 87፣ 85፣ 86፣ 81፣ 86፣ 87፣ 86፣ 85፣ 87 ሚሊሜትር። ልጆቹ ወዲያው «81 ያለው ማን ነው?» ይላሉ። ስም አይጠሩ። «81 በምን ምክንያት ሊወጣ ይችላል?» ብለው ይጠይቋቸውና ማስመሪያውን ያስመርምሯቸው። የብዙ ፕላስቲክ ማስመሪያዎች ዜሮ ጠርዙ ላይ አይደለም፤ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው። ጠርዙን አፈር ላይ ያቆመ ልጅ፣ ዜሮው ከአፈሩ 5 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ንባቡ በ5 ያንሳል። 86 የነበረው 81 ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ጠርዙን እስከ ዜሮው መስመር በመጋዝ መቁረጥ ወይም የሚሊሜትር ወረቀት ቀጭን እንጨት ላይ ለጥፎ መጠቀም ነው። «ባዶውን ቦታ በቃላችሁ ደምሩበት» አይበሏቸው። ግማሹ ይደምራል፣ ግማሹ ይረሳል፤ ማን እንደደመረ ደግሞ ከቁጥሩ ላይ አይታወቅም።

ከዚያው ሰሌዳ ላይ ሌላ ትልቅ ነገር ይገኛል። 81ን ለጊዜው ብንተወው ቀሪዎቹ ዘጠኙ ከ85 እስከ 87 ናቸው። አንድ ተክል፣ አንድ ሰዓት፣ ጥንቁቅ ልጆች፣ ግን 2 ሚሊሜትር ልዩነት። ይህ ጥፋት አይደለም፤ መለካት እንዲህ ነው። ልጆቹ ይህንን በዓይናቸው ካዩ በኋላ «ሁለት ልጆች አንድን ተክል ለክተው በስንት ቢለያዩ እንደገና ይለኩ?» ብለው ይጠይቁ። «ከ3 በላይ ከሆነ» የሚል መልስ ራሳቸው ያወጣሉ። ይህ 3 በኋላ የኤክሴሉ መፈተሻ ገደብ ይሆናል። ገደቡ ከእነሱ ስለመጣ ይከራከሩለታል፣ ያከብሩታልም።

ስለ አለካኩ ሦስት ውሳኔዎች ከመዝራታችሁ በፊት ይወሰኑ። አንደኛ፣ ከየት? ከአፈሩ ፊት ቢባል አፈሩ ውሃ በጠጣ ቁጥር ይሰምጣል፤ ተክሉ ሳያድግ ያደገ ይመስላል። ዘሩን ሲዘሩ አንድ ስንጥር አጠገቡ ተክለው አፈሩ የደረሰበት ላይ በማይጠፋ ቀለም ያስምሩ፤ ዜሮው ያ መስመር ነው። ሁለተኛ፣ እስከ የት? እስከ ግንዱ ጫፍ፣ ትንሿ ቅጠል ገና ተጣጥፋ ያለችበት ድረስ። የተዘረጋ ቅጠል ወደ ላይ ጎትቶ የሚለካ ልጅ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ በምን? በሙሉ ሚሊሜትር። ይህን የምለው ለትክክለኛነት ብቻ ብዬ አይደለም። 12.4 ሴንቲሜትር ሲጻፍ አንዱ 12,4 ይላል፣ ሌላው ነጥቧን ይዘልና 124 ይሆናል፣ ሦስተኛው የአማርኛው ኪቦርድ ተከፍቶ ሳለ ሌላ ምልክት ያስገባል። በሚሊሜትር 124 ከተባለ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ነጥብ ያለበት ቁጥር ከታየ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ባቄላው ሳይከካ ሳይቆላ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አድሮ፣ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘራ። ከታች ቀዳዳ ይኑረው። በየጠርሙሱ ሁለት ፍሬ ዘርተው ሲበቅል አንዱን ይንቀሉ። 48 ልጆች በአራት በአራት ሲከፈሉ 12 ቡድን፣ 12 ተክል ይሆናል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለ4 ሳምንት ቢለኩ 12 የልኬት ቀን ነው፤ በጠቅላላው 144 ረድፍ። ለ8 ኮምፒውተር ይህ ቀላል ነው፤ 12ቱ ቡድኖች በሁለት ዙር ይገባሉ።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። አንድ ረድፍ ማለት አንድ ተክል በአንድ ቀን ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ተክል የየራሱ ሠንጠረዥ፣ ከላይ የተዋሃደ ሴል፣ መሃል ላይ ባዶ ረድፍ ሲደረግ ለዓይን ያምራል፤ ግን በቅደም ተከተል መደርደርም ማጣራትም እምቢ ይላል። ዓምዶቹ እነዚህ ይበቃሉ፦

ኤ፦ ቀን (በፈረንጆች)
ቢ፦ ከተዘራ ስንተኛ ቀን
ሲ፦ የተክሉ ኮድ
ዲ፦ አንደኛ ንባብ
ኢ፦ ሁለተኛ ንባብ
ኤፍ፦ ሦስተኛ ንባብ፣ ካስፈለገ ብቻ
ጂ፦ የለኪዎቹ ኮድ
ኤች፦ ማስታወሻ

የተክሉ ኮድ ባ01፣ ባ02 እያለ እስከ ባ12 ይሂድ። ባ1፣ ባ2 ከተባለ ሲደረደር ባ10 ከባ2 ይቀድማል። የልጆች ስም ፋይሉ ውስጥ አይግባ፤ ኮድ ይበቃል። አሃዱን ርዕሱ ላይ ብቻ ይጻፉት፣ «አንደኛ ንባብ በሚ.ሜ.» ተብሎ። ሴሉ ውስጥ «124 ሚ.ሜ.» ከተጻፈ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይቆጥረውና አማካዩ ውስጥ ሳያስገባው፣ ምንም ሳይናገር ያልፋል። ፈጣኑ መለያ አሰላለፉ ነው፤ ማንም ካልነካው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ልጆቹን ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየወረዱ ግራ የቆመ ቁጥር እንዲፈልጉ ያድርጓቸው። አሰላለፉን «ለማሳመር» መሃል ላይ ማድረግ ይህን ምልክት ያጠፋዋል።

አማካይዎ ከሁሉም ተክል ያነሰው ዜሮ ስለገባ ነው፣ ይህ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል። ተክሉ ደርቆ ወይም ቡድኑ ቀርቶ ሳይለካ ሲቀር ልጆች ባዶ ሴል ያስፈራቸዋልና 0 ይሞላሉ። 124፣ 118 እና 131 ብቻ ሲሆኑ አማካያቸው 124.3 ነው፤ አራተኛ 0 ሲጨመር 93.25 ይሆናል፣ ከሦስቱም በታች። ኤክሴል ባዶ ሴልን ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ 0 ማለት «ለካን፣ ገና ከመስመሩ አልወጣም»፤ ባዶ ማለት «አልለካንም»፤ ባዶ ሴል ካለ ደግሞ ማስታወሻው ላይ ምክንያቱ የግድ ይጻፋል።

የቀኑ ነገር ለእኛ አገር ልጆች ለብቻው መታየት አለበት። እንዲህ የተጻፈ ቀንን ኤክሴል የሚያነበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አንድ ልጅ ጥቅምት 5 ቀን 2017ን 5/2/2017 ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ ውስጥ ያለ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል፤ ምንም ስህተት አያሳይም። 29/2/2017 ላይ ሲደርስ ግን በ2017 የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለነበረው ቀን መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ይሆናል። ከ1 እስከ 28 ቀኝ፣ 29 እና 30 ግራ ቆመው ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ቅንብር ላይ ከሆነ ደግሞ ወር ቀድሞ ስለሚነበብ 5/2 ሜይ 2 ይሆናል፤ እስከ 12 ያሉት ቀኖች ተገልብጠው ይገባሉ፣ ከ13 ጀምሮ ያሉት ወደ ግራ ይቆማሉ። ቀኖችዎ የተዘበራረቁት ከእነዚህ በአንዱ ነው። ጳጉሜንማ ጨርሶ ቦታ የላትም።

መውጫው ቀላል ነው። ኤ ዓምድ ላይ የፈረንጁን ቀን ይጻፉ፣ የወሩን ስም በእንግሊዝኛ አስገብተው፤ ያኔ ቀንና ወር አይገላበጥም። የኢትዮጵያውን ቀን ማስገባት ከፈለጉ ማስታወሻው ላይ «ጥቅምት 30» ተብሎ በወር ስም ይጻፍ፤ በ2017 ያ ቀን ኖቬምበር 9፣ 2024 ነው። ለስሌቱ የምንጠቀመው ግን ቢ ዓምድን ነው፦ ኤ2 ሲቀነስ የተዘራበት ቀን። ውጤቱ የፈረንጆቹን 1900 የሚያሳይ ቀን ሆኖ ቢመጣ አይደንግጡ፤ የሴሉን ዓይነት ከቀን ወደ ቁጥር ይለውጡት። ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ከላይ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ በየረድፉ አይገባም። ካስገቡት አንዱ 3:00 ሌላው 9:00 ይጽፋል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ፋይሉ ሦስት ሺት ይኑረው፦ «ጥሬ»፣ «ፍተሻ»፣ «ውጤት»። ጥሬው ላይ ከወረቀት የተገለበጠው ብቻ ይገባል፤ አይደረደርም፣ አይቀባም፣ ከቢ ዓምድ በቀር ቀመር አይጻፍበትም። ፍተሻ የጥሬው ቅጂ ነው፣ በተክል ኮድና በቀን የተደረደረ። ሲደረድሩ ሠንጠረዡ በሙሉ መመረጥ አለበት። አንድ ዓምድ ብቻ ተመርጦ ከተደረደረ ኤክሴል ይጠይቃል፤ «ባለህበት ቀጥል» የሚለውን የመረጠ ልጅ የባ03ን ቁመት ለባ07 ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክለኛ ስለሚመስሉ የሚያገኘው የለም። መድኃኒቱ ወዲያው መመለስ ወይም ከጥሬው እንደገና መቅዳት ነው።

ቀመሮቹን እዚህ በፊደላችን የምጽፋቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባሉ (ኢፍ IF፣ ካውንት COUNT፣ ኤቢኤስ ABS፣ ሚዲያን MEDIAN፣ ሰም SUM፣ ሰብቶታል SUBTOTAL፣ ሞድ MOD)። «ፍተሻ» ሺት ውስጥ አይ2 ላይ፦

=ኢፍ(ካውንት(ዲ2:ኢ2)<2,"ጎዶሎ",ኢፍ(ኤቢኤስ(ዲ2-ኢ2)>$ኤን$1,"ድገም",""))

ካውንት ቁጥሮችን ብቻ ስለሚቆጥር ባዶውንም፣ «124 ሚ.ሜ.» የተባለውንም፣ በግዕዝ አኃዝ ፻፳፬ ተብሎ የተጻፈውንም፣ በዜሮ ፈንታ የእንግሊዝኛው ኦ የገባበትንም «ጎዶሎ» ይላቸዋል። ሁለቱም ንባብ ካለ ልዩነታቸውን፣ ኤቢኤስ የመቀነስ ምልክቱን አስወግዶለት፣ ኤን1 ላይ ከተጻፈው 3 ጋር ያስተያያል። ልጆቹ 3ቱን ወደ 1 ሲለውጡት «ድገም» የሚለው ሲበዛ፣ ወደ 10 ሲለውጡት ሲጠፋ ይመልከቱ፤ ገደብ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር የለም። የዶላር ምልክቱ ከተረሳ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት ኤን2ን፣ ኤን3ን ይፈልጋል፤ እነሱ ባዶ ስለሆኑ ገደቡ 0 ይሆንና ሁለቱ ንባብ የተለያየበት ረድፍ ሁሉ «ድገም» ይላል።

ጄ2 ላይ የሚመዘገበው ቁመት፦

=ኢፍ(ካውንት(ዲ2:ኤፍ2)=0,"",ሚዲያን(ዲ2:ኤፍ2))

አማካይ ሳይሆን መካከለኛውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ሁለት ንባብ ብቻ ካለ ሚዲያን አማካያቸውን ይሰጣል፤ ሦስተኛ ሲጨመር ግን መሃለኛውን ይወስዳል። 86፣ 81 ተብሎ ሦስተኛው ልጅ 87 ቢያመጣ ውጤቱ 86 ነው፤ 81 ማንንም አይጎትትም፣ ግን አልተደመሰሰም፣ እዚያው ይታያል።

ኬ3 ላይ በቀን ስንት አደገ የሚለው፦

=ኢፍ(ሲ3=ሲ2,(ጄ3-ጄ2)/(ቢ3-ቢ2),"")

በቀን ብዛት ማካፈሉ አይዘለል። ከዓርብ እስከ ሰኞ 3 ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ግን 2፤ ካልተካፈለ ሰኞ ሰኞ ተክሉ ሁሉ የተመነደገ ይመስላል። ኬ ላይ ከዜሮ በታች የሆነውን በቀይ እንዲቀባ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ይዘዙት። በጣም ትልቅ የሆነውንም እንዲሁ፤ «በጣም ትልቅ» ስንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሮች በኋላ ልጆቹ ይወስኑ።

አሁን የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው፦ ቀይ ሲበራ ልጁ ምን ያድርግ? ብዙዎች ቀዩ እስኪጠፋ ቁጥሩን ይነካካሉ። ይህን አጥብቀው ይከልክሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ያያል። ወረቀቱ 124፣ ስክሪኑ 142 ካለ የመገልበጥ ስህተት ነው፤ በወረቀቱ መሠረት ጥሬውም ፍተሻውም ይታረማል፣ ማስታወሻው ላይ ይጻፋል። ወረቀቱም 142 ካለና ቀኑ ያው ቀን ከሆነ ተክሉ ጋ ሄደው ይለካሉ። ቀኑ ካለፈ ግን የዛሬው ተክል የዚያን ቀኑ አይደለም፤ እንደገና መለካት አይቻልም። ያኔ ቁጥሩ ጥሬው ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ማስታወሻው ላይ «አጠራጣሪ» ይባላል፣ ፍተሻው ላይ የዚያ ረድፍ ጄ ባዶ ይሆናል። ግምት አይገባበትም። ጄ ባዶ ሲሆን የኬ ሴሎች የስህተት ምልክት፣ ወይም ቀመሩ ጨርሶ ከጠፋ ባዶው እንደ 0 ስለሚቆጠር የተዛባ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ይህ ክፍተት መኖሩን ስለሚናገር አይደብቁት።

ቀይ ሁሉ ስህተት እንዳልሆነም ያስተምሯቸው። ሰኞ ጠዋት ቅዳሜና እሁድ ውሃ ያልጠጣ ባቄላ አንገቱን ደፍቶ ከዓርብ ያነሰ ይለካል። ልኬቱ ትክክል ነው፤ «ጠውልጎ ነበር» የሚል ማስታወሻ ይግባበት። ጫፉ የተሰበረም እንዲሁ። ማስታወሻ የሌለው ቀይ ብቻ ነው ያልተሠራ ሥራ።

አንድ ዘዴ ልጆችን በጣም ያስደስታል፣ የሒሳብ ሠራተኞች ያውቁታል። አንዱ ልጅ የወረቀቱን አንድ ዓምድ በእጁ ይደምር፣ ሌላው በኤክሴሉ መደመሪያ፣ በሰም፣ ያስደምር። ልዩነት ካለና ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ተገለባብጠው ሊሆን ይችላል፦ 142 ሲቀነስ 124፣ 18፤ 86 ሲቀነስ 68፣ 18። ያኔ 144ቱን ሁሉ ሳይሆን የተገለባበጠውን ብቻ ይፈልጋሉ። ከዚህ ውጭ የተለመደው ማመሳከሪያ አንዱ ከወረቀት ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ስክሪኑን መከታተል ነው፤ ተከታታዩ ግን ቁጥሩን ያስገባው ልጅ አይሁን።

ዳታ ከሚለው ሥር ዳታ ቫሊዴሽን ገብተው ከ0 እስከ 800 ያለ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲገባ ማዘዝ ይችላሉ፤ በሊብረኦፊስ (የኤክሴልን ሥራ በሚሠራው ነፃ ፕሮግራም) ቫሊዲቲ ይባላል። የማስጠንቀቂያውን ዓይነት «ስቶፕ» ሳይሆን «ዋርኒንግ» ያድርጉት። ስቶፕ ከሆነ ልጁ ፕሮግራሙ የሚቀበለውን ቁጥር እስኪያገኝ ይሞክራል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ከተክሉ የመጣ አይደለም። ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ቁጥር ይህን በር ሳይነካ እንደሚያልፍም ይወቁ።

ውጤቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በማጣሪያ የአንድ ቀን ተክሎችን ብቻ አስቀርተው አቨሬጅ ቢያዙ የተደበቁትንም ይቆጥራል። =ሰብቶታል(1,ጄ2:ጄ145) ግን የሚታዩትን ብቻ ያሰላል። ግራፉ ስካተር ይሁን፣ አግድሙ ቢ ዓምድ። ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ በላይን ግራፍ ከተሠራ ዓርብና ሰኞ እንደ ተከታታይ ቀን እኩል ተራርቀው ይቀመጣሉ።

የመጨረሻው ፍተሻ አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ይሠራል። ባዶ ዓምድ ላይ =ሞድ(ዲ2,10) ብለው (ለ10 ሲካፈል የሚተርፈውን ማለት ነው) የእያንዳንዱን ንባብ የመጨረሻ አኃዝ ያውጡ፣ ለኢ ዓምድም እንዲሁ። ስለ ባዶ ሴሎች ይጠንቀቁ፤ ሞድ ባዶውን 0 ይለዋል። ተክሉ ገና ሳይወጣ የተመዘገቡት 0ዎችም ከቆጠራው ይውጡ። ሁሉም ከተለካና 0 ከሌለ 288 ንባብ አለ፤ ልጆቹ በእርግጥ ሚሊሜትሩን ካነበቡ በ0 ወይም በ5 የሚያልቀው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ወደ 58 አካባቢ ይሆናል። 120 ወይም 150 ከሆነ ወደ ቅርቡ ግማሽ ሴንቲሜትር እያጠጋጉ ነበር፤ ሁለተኛው ለኪ የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምቶ ከጻፈ ደግሞ ያው ማጠጋጋት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ይህን በኮድ ለይተው የማንም ነጥብ አይቀንሱበት፤ ቀጣዩ ክፍል ከመጀመሩ በፊት የሚሊሜትር መስመሩ የደበዘዘውን ማስመሪያ ይቀይሩ፣ ሁለቱ ለኪዎችም የየራሳቸው ወረቀት ይኑራቸው።